ከፔንሃሊገንስ የወንድ ሽቶዎች ለድሬ ሙቀት የቱ ይሻላል?

የመኪና ግርግር ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ የቅንጦት ናት። ጤፍ በዚህ ዋጋ ሆኖ ሽቶ አማረህ እንዳትሉኝ።

እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው። ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች። ባለፈው ወር በሰው እጅ አንድ ፖስታ ላከችልኝ። ውስጡ አምስት ትንንሽ ብልቃጦች አሉ። እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሊትር ናቸው፤ ጠብታ ቆጥሬ ነው የተቀባሁት። አብሮ የመጣው ወረቀት «ሁሉንም ሞክርና አንዱን ምረጥ። አንዱን ብቻ!» ይላል። ለምን «አንዱን ብቻ» እንዳለች ቆይቶ ነው የገባኝ። ትልቁ ጠርሙስ ከ100 ፓውንድ በላይ ያወጣል። ወደ ብር መንዝሬ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እናንተም እንዳትነግሯት።

ሽቶዎቹ ፔንሃሊገንስ ከሚባል የድሮ የእንግሊዝ ቤት ናቸው። ቤቱን የጀመረው ዊልያም ፔንሃሊገን የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ከኮርንዎል ወደ ለንደን መጥቶ ነው የሠራው። ፀጉር አስተካካይ መሆኑ ደስ አለኝ። እኔም በሕይወቴ የመጀመሪያውን ሽቶ የተቀባሁት ፀጉር ቤት ነው። ተላጭቼ ስጨርስ አንገቴ ላይ ጠብ ሲያደርግብኝ በእሳት የተለበለብኩ መስሎኝ ከወንበሩ ዘልዬ ነበር።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ካልሆነ መልስ ለመስጠት አይመቻችሁም። የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትራንዚት ቢሮ ነው። ኤሲ የለንም። ጣሪያ ላይ አንድ ቬንትሌተር አለ፤ እሱም የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወረቀት ከመበተን ሌላ ሥራ የለውም። የሰኔን ድሬ ታውቋታላችሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አባቴን ለማየት ሐረር እወጣለሁ። ያ ሌላ አገር ነው። ማታ ጃኬት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሽቶዎቹን በሁለት አየር ነው የፈተንኳቸው።

ብሌንሃይም ቡኬ። 1902 ላይ ለማርልቦሮው መስፍን የተሠራ ነው፤ ስሙም ከመስፍኑ ቤተ መንግሥት ነው። ሲቀቡት አንድ ሰው ጆሮህ ሥር የኤረር ሎሚ የጨመቀ ይመስላል። ስኳር የለበትም፣ ማባበል የለበትም። ቀጥሎ የፈረንጅ ጥድና ቁንዶ በርበሬ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተቀብቼ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ንጉሥ ነበርኩ። አራት ሰዓት ላይ እጄን አሸተትኩ፤ እጄን ብቻ ሸተተኝ።

ሃማም ቡኬ። ከሁሉም ቀዳሚው ይኼ ነው፤ የ1872። ፔንሃሊገን ጀርሚን ስትሪት ላይ ይሠራ በነበረበት ጊዜ አጠገቡ የቱርክ መታጠቢያ ቤት ነበር። ከዚያ የሚወጣው እንፋሎት ነው አሉ ያነሳሳው። ጽጌረዳ፣ ላቬንደር፣ ከሥሩ ደግሞ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር አለ። ባለቤቴ አሸተተችና «የእናቴ ሳጥን!» አለች። ስድብ መሰለኝ። አይደለም፤ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የኖረ የሠርግ ነጠላ ማለቷ ነው። ቤት ውስጥ ጥሩ ነበር። ቢሮ ስገባ ግን ሙቀቱ ጽጌረዳውን እንደ ሽሮ ወጥ አወፈረው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ምንም ሳትናገር ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው። መልሱ ደረሰኝ።

ኩዌርከስ። ስሙ በላቲን የባሉጥ ዛፍ ማለት ነው። ሎሚና በሶብላ የሚመስል ነገር አለው። ጥሩ ነው። ጥሩ ነው፣ በቃ።

ኤንዲሚዮን። 2003 ላይ የወጣ ነው። ይኼ የጉድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀብቼ የሐረር ሚኒባስ ያዝኩ። ድሬ መናኸሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ ጣፋጭ፣ ቆዳ ቆዳ የሚል፣ ሰው ፊት የሚያሳፍር ዓይነት። የደንገጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከሦስተኛው ጥምዝ በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ። ያኔ ከአንገቴ ሥር ቡና ወጣ! እውነት ቡና። ዞር ብዬ ቴርሞስ የያዘ ሰው ፈለግኩ። ሐረማያ ስንደርስ ቡናው ወደ ኋላ ሄዶ እጣንና ከርቤ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ቡና በሉት፤ ይቅር ይበለኝ። አወዳይ ላይ ግን አራት ሰዎች የጫት እስር ይዘው ገቡና የእንግሊዙ ነገር እዚያው አበቃ።

ሳርቶሪያል። እዚህ ላይ ልቆይ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ግርግር ላይ ሰፍቷል። ለማያውቅ፣ መኪና ግርግር ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚገባው ጠባብ መንገድ ነው። ስሙ ከስፌት መኪኖቹ ጩኸት የመጣ ነው። ግራና ቀኝ ሰፊዎች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፔዳል ይረግጣሉ። እኔ ያደግኩት እዚያ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቼ ነው። ሳርቶሪያል ደግሞ የልብስ ሰፊ ቤት ሽታ ነው ይላሉ። በርትራንድ ዱሾፉር የሚባል ፈረንሳዊ ቀማሚ የለንደን ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ሳቪል ሮው፣ ኖርተን ኤንድ ሰንስ የሚባል ቤት ገባ። የእንፋሎቱን ካውያ፣ ሱፉን፣ ጠመኔውን፣ ክር የሚታሽበትን ሰም ሁሉ አሽትቶ ነው የሠራው። 2010 ላይ ወጣ።

ብልቃጡን ይዤ ለአባባ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሟል፣ አፍንጫው ግን እንደ ድሮው ነው። እጁ ጀርባ ላይ ጠብ አደረግኩለት። አሸተተ። ዝም አለ። ደገመ።

«ሰሙ አለ» አለኝ። «ጨርቁም አለ። እርጥብ ሱፍ ላይ ካውያ ሲያርፍ የሚሸተው ነው።» ከዚያ ፊቱን ቋጠር አደረገ። «ከሰሉስ?»

«የምን ከሰል?»

«የካውያው ነዋ! ከሰል የሌለው ምን ካውያ አለ?»

«አባባ፣ የእነሱ በኤሌክትሪክ ነው።»

«እንግዲያው እዚህ ውስጥ ልብስ ሰፊ አልገባም» ብሎ ፈረደ። ብልቃጡን ግን አልመለሰልኝም። ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ብትወስዱ የቱን ትወስዳላችሁ? ደግሞ ብሌንሃይምን ድሬ ላይ ከአራት ሰዓት የሚያሳልፍ ዘዴ ያለው ሰው አለ?

ወሪያ፦

አቦ አንተ ሰውዬ አሳቅከኝ። እጄን ብቻ ሸተተኝ ይላል!

እኔ ልንገርህ። 100 ፓውንድ ለሎሚ አይከፈልም። ሎሚ ቀፊራ ገበያ ሞልቷል። ለእኛ አገር የሚሆነው ኡድ ነው፤ ያ መዓዛው የከበደ እንጨት። አንዲት ጠብታ ዓጥር፣ ዘይቱን ማለቴ ነው፣ ከጆሮህ ጀርባ አድርግ፣ ማታ ስትተኛ ትራስህ ላይ ታገኘዋለህ። ወላሂ በማግስቱ ሸሚዝህን ስታጥበውም አይለቅም።

የግድ ከእንግሊዞቹ ካልክ ሃልፌቲን ሞክር። ከዚያው ቤት ነው፣ የ2015። ስሙ በጥቁር ጽጌረዳ የምትታወቅ የቱርክ ከተማ ነው። ጽጌረዳ፣ ቅመም፣ ቆዳ፣ ኡድ፣ ሁሉም አለበት። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ይዞ መጥቶ ለሠርጉ ተቀብቶት ነበር። ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት እሱ መግባቱን አዳራሹ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ደግሞ ከዚህ እንዳትገዛ። እኔ አንዴ «ኦሪጅናል ነው፣ ማስተር ኮፒ እንኳ አይደለም» ብለው ሸጡልኝ። ሱቁን አልጠራም። ሁለት ቀን ሳይሞላው ነጭ ሸሚዜ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሠራ። ነጥቡ እስከ ዛሬ አለ። ሽታው ግን ታክሲ ውስጥ ነው የቀረው።

መድኃኒት ቀማሚው፦

ወንድሜ የመኪና ግርግር ልጅ፣ ብሌንሃይም አልከዳህም። ተፈጥሮው ነው።

የሎሚ ዘይት ሞለኪውሎች ቀላል ናቸው። ለመብረር ትንሽ ሙቀት ይበቃቸዋል። በ35 ዲግሪ፣ ላብ ባለው ቆዳ ላይ፣ ከሌላው ሁሉ ቀድመው ይሄዳሉ። ከባዶቹ፣ እንደ ከርቤ፣ እንደ ሰንደል፣ እንደ ኡድ ያሉት፣ ቀስ ብለው ነው የሚተኑት። ስለዚህ ወሪያ ስለ ኡድ ቆይታ ያለው ልክ ነው። ግን ያው ሙቀት ከባዱን ሽታ ቶሎ ቶሎ ያወጣዋል። ቀዝቃዛ አገር ቀስ እያለ የሚወጣው አንተ ቢሮ ውስጥ ባንዴ ይወጣል። መስኮቱ የተከፈተው ለዚያ ነው። ሃማም መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጥቶባችሁ ነው።

ዘዴ ካልከኝ፣ ቆዳህ ላይ ሳይሆን ከሸሚዝ ሥር የምትለብሰው የጥጥ ካናቴራ ላይ ንፋው። ጥጥ ሽታ ይይዛል፣ እንደ ቆዳ አይሞቅም። ቆዳ ላይ ካልክ ደግሞ ከመቀባትህ በፊት ስስ ቫዝሊን። ደረቅ ቆዳ ሽቶ ይጠጣል። የእጅህን አንጓዎች አታፋትጋቸው። ሁሉም ሰው ያንን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

ሌላው፣ ፀሐይ ላይ የምትውል ከሆነ የሎሚና የቤርጋሞት ዘይት ያለበትን አንገትህ ላይ አታብዛው። አንዳንድ የእነዚህ ዘይቶች ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳ ያጠቁራሉ። የዛሬ አምራቾች መጠኑን ይገድባሉ፤ ቢሆንም የድሬ ፀሐይ ድርድር አታውቅም።

ጠርሙሱ ሲመጣ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነካርቶኑ አስቀምጠው። ቴሌቪዥን አጠገብ ለእንግዳ እንዲታይ ብለህ ከደረደርከው በዓመቱ ኮምጣጤ ይሆናል። ይኼን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

የሸዋ በሯ፦

ኤንዲሚዮንን «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ቡና» ያልከው ወንድም፣ እኔ ሸዋ በር ቡና ነጋዴ ነኝ። ሃያ ዓመት ቡና ውስጥ ነው የዋልኩት። ባለቤቴ ይኼን ሽቶ ከውጭ በመጣ ዘመድ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀብቶታል። ስለዚህ ልናገር።

ያ ቡና የተቆላ ቡና አይደለም። ትክክለኛ የሐረር ቡና ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው፤ ሲቆላ ፍሬ ፍሬ ይላል፣ ትንሽ እንደ ወይን ይጎመዝዛል። ኤንዲሚዮን ውስጥ ያ የለም። ለእኔ እንዲያውም ወተት የገባበት ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ፍል፣ ነው የሚሸተኝ። ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ ቅመም የነካው። እሱን ብዬ ነው የምወደው። የተቆላ ቡና ከፈለግኩ ብረት ምጣዴ አለልኝ።

እጣኑና ከርቤው ግን እውነት ነው። ከርቤ እኮ ከሱማሌ ክልል ቆላ የሚሰበሰብ የእኛው ሙጫ ነው። ለንደን ሄዶ በጠርሙስ ሲመለስ ያው አፍንጫችን ያውቀዋል። አንተ ደንገጎ ላይ ደነገጥክ እንጂ የሰማኸው የአገርህን ነገር ነው።

ምክሬ አንድ ነው። ኤንዲሚዮንን ማታ፣ ሐረር ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶ ሲያልቅ ሞክረው። እጣኑ ሲጨስ አይደለም፤ ከጠፋ በኋላ። እየጨሰ ሳለ ከሞከርከው ሁለቱ ይጣላሉ። ድሬ ላይ ግን እንዳታስበው። ባለቤቴ አንዴ ለስብሰባ ድሬ ተቀብቶት ወርዶ ራሱን አሞት ተመለሰ።

አባትህን ሰላም በልልኝ። የሠርጌን ቀን የወንድሜን ሱፍ የሰፋው መኪና ግርግር ላይ ያለ ሰው ነበር። እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ እንጃ፤ ሱፉ ግን አሁንም ይለበሳል።

የሸሚናድፈር ጡረተኛ፦

ልጆቼ፣ እኔ ሽቶ አላውቅም። የማውቀው ሐዲድ ነው። ግን 1902 የምትል ቁጥር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያ የሎሚ ሽቶ የድሬዳዋ እኩያ ነው! ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በፈረንጅ 1902 መጨረሻ ላይ ነው፤ በእኛ 1895 መሆኑ ነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፤ ወጪው በዛ። ስለዚህ እታች በረሃው ላይ ጣቢያ ተሠራ፣ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ ሆነ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የሚሏት። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ገና በፈረንጅ 1917 ላይ ነው። እንግዲህ ለንደን ላይ ለመስፍን ሎሚና ቁንዶ በርበሬ ሲቀመም፣ እዚህ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሰው ድንኳን ይተክል ነበር።

በእኛ ጊዜ የእንግሊዝ ሽቶ ብሎ ነገር አልነበረም። ድሬ የፈረንሳይ ነበረች። ሙሴዎቹ ኦ ደ ኮሎኝ በመሐረብ ላይ አድርገው አንገታቸውን ይጠርጉ ነበር። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቀማሚው ያላለውን ልጨምርልህ፣ ነጭ መሐረብ ያዝ።

ስለ ሽቶ ሌላ የማውቀው አንድ ነገር ዝባድ ነው። ከጥርኝ የሚወጣው። ከከፋና ከጅማ በኩል በከብት ቀንድ ታሽጎ ይመጣ ነበር። ከባቡሩም በፊት በሐረር አድርጎ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርድ የድሮ ንግድ ነው። የፈረንጆቹ የድሮ ሽቶ ብዙው ያለ ዝባድ አይቆምም ነበር። ዛሬ አብዛኛውን በላብራቶሪ ይሠሩታል። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ቀንዱ በደንብ ሳይታሸግ ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ይዞ ገባ። አዋሽ ሳንደርስ ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ወገን መስኮት ተሰብስቦ ነበር። ያ ነገር ተበጥብጦ ሲቀጥን ያማረ ይሸታል ሲሉኝ እስከ ዛሬ አላመንኩም።

ድሬ በለንደን፦

ሰላም ሰላም። ገንደ ቆሬ ነው ያደግኩት፣ አሁን ለንደን አውቶቡስ እነዳለሁ። መስመሬ ፒካዲሊን ያልፋል። ስለዚህ እነዚህን ሱቆች በየቀኑ በመስታወት ነው የማያቸው።

መጀመሪያ ስሙን ላርምህ፣ አትቀየመኝ። ሲጻፍ ብሌንሃይም ነው፤ ሲጠሩት ግን «ብሌኒም» ነው የሚሉት። እኔ ሱቅ ውስጥ «ብሌንሃይም» ብዬ ልጅቷ ሦስት ጊዜ «ይቅርታ?» አለችኝ። ቤተ መንግሥቱ ቸርችል 1874 ላይ የተወለደበት ነው።

ፔንሃሊገንስ በርሊንግተን አርኬድ የሚባል የተሸፈነ መተላለፊያ ውስጥ ሱቅ አለው። ጠርሙሱ ክብ መክደኛ አለው፣ አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለታል፤ ሙሽራ ይመስላል። የድሮው የጀርሚን ስትሪት ሱቅ ግን የለም፤ 1941 ላይ በጀርመን ቦምብ ፈርሷል።

ከአርኬዱ ወጥተህ መንገዱን ስትሻገር ጀርሚን ስትሪት ቁጥር 89 ላይ ሌላ ቤት አለ፤ ፍሎሪስ። ከፔንሃሊገንስ የባሰ አሮጌ ነው። ሁዋን ፋሜኒያስ ፍሎሪስ የሚባል ከሜኖርካ ደሴት የመጣ ሰው 1730 ላይ የከፈተው ነው። እንደ እኔ ስደተኛ መሆኑ ነው። እነሱ ደግሞ «ቁጥር 89» የሚል የወንድ ሽቶ አላቸው፤ የቤቱን ቁጥር ለሽቶው ሰጥተውት። የ1951 ነው። ጄምስ ቦንድን የጻፈው ኢያን ፍሌሚንግ ይቀባው ነበር። ብርቱካን፣ ላቬንደር፣ ገውዝ፣ ከሥሩ ሰንደል። እኔ እሱን ነው የምቀባው። ከብሌኒም ይቆያል፣ ከሃማም ይቀላል። እህትህ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ አስደርጋ ፖስታ ውስጥ ትላክልህ።

ስለ አየሩ ያላችሁት እውነት ነው። ለንደን በጥር ብሌኒም ሹክሹክታ ነው። ካፖርቱ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ድሬ ስመጣ ያንኑ ጠርሙስ ይዤ ነበር። ከአውሮፕላን ወርጄ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ እኮ ጮኸ! እኔ እንዲያውም ይኼ ሽቶ ለእንግሊዝ የተሠራ አይመስለኝም። ሙቀት ይፈልጋል። ይጮኻል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ እንደገና ትቀባዋለህ። ትንሽ መንፊያ ብልቃጥ ግዛና ቢሮህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ። በቀን ሁለቴ ተቀባ። በቃ ይኼው ነው።

የመኪና ግርግር ልጅ፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ እየሞከርኩ ነበር። ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀማሚው፣ ካናቴራው ሠርቷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነፋሁት፣ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ልበላ ስወጣ ሎሚው ሄዷል፣ ጥዱና ቁንዶ በርበሬው ግን አለ። መሐረቡንም ሞከርኩት፣ ጋሼ። እሱ ከሁሉም በላጭ ሆነ። አንድ ደንበኛ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ተይዞበት ሊጮህብኝ መጥቶ ነበር። መሐረቤን አውጥቼ ላቤን ስጠርግ ንግግሩን አቆመና «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ጩኸቱን ከሽቶው በኋላ ቀጠለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

የሸዋ በሯ፣ ልክ ነሽ። ኤንዲሚዮንን እሁድ ማታ አባባ ቤት፣ ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ፣ ፍሙ ሲከስም ሞከርኩት። ቁጢ ካልሽኝ በኋላ ሌላ ነገር ሊሸተኝ አልቻለም። ከአምስቱ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ግን በሳምንት የምቀባው አንድ ማታ ነው። ለአንድ ማታ ያን ያህል ፓውንድ ማውጣት አልሆነልኝም። ብልቃጧ ውስጥ የቀረችው ለሦስት ቅዳሜ ትበቃለች።

ወሪያ፣ ኡድ እወዳለሁ። በሰኔ አይደለም።

ስለዚህ ለእህቴ «ብሌኒም አምጪልኝ» አልኳት። እንደ ለንደኑ ወንድማችን ነው የጠራሁት። «እንዴት አወቅክ?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ትንሽ ቅናት ነበር።

ሳርቶሪያልን በተመለከተ ተጨማሪ አስተያየት የለኝም፤ ብልቃጡ አሁንም አባባ ኪስ ውስጥ ነው። ባለፈው እሁድ ባዶ መሆኑን አየሁ። እህቴ ስልክ ላይ «አባባ፣ ትልቁን ላምጣልህ?» አለችው። «የለም፣ ሽቶ አልፈልግም። ሸፊልድ የሚል የተጻፈበት መቀስ አምጪልኝ» አላት። ወጣት ሆኖ አንድ ነበረው፤ አበድሮት አልተመለሰም። ይኼው 30 ዓመት ሙሉ ያነሳዋል። ባዶውን ብልቃጥ ግን ልጥለው ስል ከእጄ ነጠቀኝ።

እና አሁን አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። የጨርቅ መቀስ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ አይገባም። ስለዚህ የመስታወት ጠርሙሱና አንድ ክንድ የሚያህል ብረት መቀስ አንድ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ሊመጡ ነው። በምን ይጠቅለሉ?

ወሪያ፦

አቦ ይኼማ ቀላል ነው። መቀሱን ሁለት ካልሲ ውስጥ፣ ሽቶውን ከነካርቶኑ ጫማ ውስጥ። መሐሉ ላይ ለእኔ የምታመጣውን ጃኬት።